በግፊ የማትነሳ መኪና

የአራዳ ልጅ የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ሁለት ሦስት ጎረምሶች ከኋላ ተሰልፈው «ጋሼ፣ እንግፋት?» ይላሉ። ልማዱ የቆየ ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ከጊዮርጊስ አራት ኪሎ ሲመላለሱ በኖሩበት በዚህ መንገድ፣ ባትሪው የደከመ መኪና ማርሽ ገብቶለት፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ይገፋና ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ እየተንዘፈዘፈ ይነሳ ነበር። ያን ቀን የቆመችው ግን ፕሪየስ፣ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ሃይብሪድ ነበረች። ፕሪየስን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ቢለቋትም አትነሳም።

እኔ ጎንደር ተወልጄ፣ እድሜዬን ቨርጂኒያ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ለፒያሳ እንግዳ ነኝ። ያረፍኩት ከጣይቱ ሆቴል ጀርባ ባለ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። መኪናዋ የእሱ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ የዋለችው የሁለተኛው ትውልድ ዓይነት። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዱ ብዙ ያገራችን ልጆች በዚህችው መኪና ቤተሰብ አስተዳድረዋል፤ እኔም ከነሱ አንዱ ስለሆንኩ አመሏን አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን ተስፋ ቆርጦ ነበር። አንድ ጋራዥ በስልክ ብቻ ሰምቶ «ትልቁ ባትሪ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎታል። ሳይለኩ መፍረድ ማለት ይህ ነው፤ የሰው ገንዘብ ላይ እንዲህ መቀለድ ያናድደኛል።

መኪናዋ ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ የተቀመጠው ነው፤ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት የሆኑ 28 ክፍሎች ተደርድረው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ትንሿ ደግሞ በኋላው ሻንጣ ቦታ ቀኝ ጥግ፣ ከፕላስቲክ ሽፋን ሥር የተደበቀች የ12 ቮልት ባትሪ ናት። ሞተሩን የሚያዞረው ትልቁ ነው፤ እኛ የምናውቀው ሞተሪኖ የለም፣ ዲናሞም የለም። ነገር ግን ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰውና የትልቁን ባትሪ መስመር የምታገናኘው ትንሿ ናት። እሷ ከደከመች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም ተቆልፎ ይቀራል። ግፊም የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ካልነቃ ጎማው ቢዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ነገር የለም።

ምልክቱም ይኸው ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ሁሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፣ ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ «ሬዲ» የሚለው አረንጓዴ ጽሑፍ ግን አይመጣም። የኋላው በርም በኤሌክትሪክ ስለሚከፈት አልከፈት አለ፤ የአክስቴ ልጅ ለሁለተኛ ብልሽት ቆጥሮት ነበር።

ከሠፈሩ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ቴስተሩን ይዞ መጣ። ሃይብሪድ ብዙም ነክቶ እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ፤ እጁ ግን ጥንቁቅ ነበር። ብርቱካንማዎቹን ኬብሎች ሲያይ «ጋሼ፣ እነዚህስ?» አለኝ። የከፍተኛ ቮልት መስመር ስለሆኑ አይነኩም አልኩት። ፊት ለፊት ባለው የፊውዝ ሣጥን ውስጥ ቀይ ክዳን ያላት ነጥብ አለች፤ ከኋላዋ ትንሽ ባትሪ ጋር በሽቦ የተያያዘች ናት። ክዳኗን አንስቶ ቀዩን ጫፍ እዚያ፣ ጥቁሩን ባልተቀባ ብረት ላይ አሳረፈ። ደህና ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ቴስተሩ ላይ የወጣው ከ10 በታች ነበር።

ከጎረቤት ቪትዝ ኬብል ወሰድን። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እንዳይገላበጥ ሁለታችንም ደግመን አየን፤ በዚህች መኪና ላይ ሽቦ ማገላበጥ ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ጉልበትም አይጠይቅም፤ ኮምፒውተሮቹን ለመቀስቀስ ትንሽ ኃይል ይበቃል። የአክስቴ ልጅ ፍሬን ረግጦ ቁልፉን ተጫነ። «ሬዲ» በራ። ድምፅ የለም። ልጆቹ «አልተነሳችም!» ብለው እንደገና ለመግፋት ተጠጉ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቤንዚን ሞተሩ በራሱ ተነሳና ወደኋላ አሉ። ትልቁ ባትሪ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሞተር ባልዞረ ነበር።

ትንሿን ባትሪ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድን። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ባትሪዋ የምትቀመጠው ሰው በሚተነፍስበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ የፋብሪካዋ የታሸገች ናት፤ ስትሞላ የሚወጣ ጋዝ ካለ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይሄዳል። ቁመቷ ስለገጠመ ብቻ ተራ የአሲድ ባትሪ ቢያስቀምጡ ሃይድሮጅን ልጆች በተቀመጡበት ይጠራቀማል። አንዱ ነጋዴ ያንኑ ሊሸጥልን ሲሞክር ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን የቱቦ ቀዳዳ ያላትን ካላገኘሁ ብሎ ሱቅ ለሱቅ አዞረኝ። ወደድኩት።

መኪናዋ ለምን ደከመች? ባትሪዋ አርጅታለች፤ በዚያ ላይ ለሳምንታት ቆማለች። ቆማም ሳለ ቁልፏን በሩቅ የሚጠብቀው ሥርዓት ኃይል ይበላል። ትልቁንም ባትሪ የሚያሰጋ ነገር ነበረ፦ በ2016 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሠፈር ፈርሶ፣ የፒያሳ አቧራ ለወራት በየቤቱ ገብቶ ነበር። ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አየሩን የሚስበው ከኋላ ወንበር ጎን ካለች ወንፊት ነው። ከፍተን ስናየው ክንፎቹ ግራጫ ሱፍ የለበሱ መስለዋል። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ባትሪው ይሞቃል፤ ትልቁን ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚገድለው እንዲህ ያለ ሙቀት ነው፤ ያ ጋራዥ ግን ስለማራገቢያው አልጠየቀም።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ለአንድ ፕሪየስ ብዬ አይደለም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ እነሱም ቢሆኑ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ካልቀሰቀሰቻቸው አይንቀሳቀሱም። አሮጌውን ሃይብሪድ በትዕግሥት የለካ እጅ ለአዲሶቹም ይጠቅማል።

ወጣቱ አዲሷን ባትሪ ገጥሞ፣ ማራገቢያውንም በብሩሽ ጠርጎ ከመለሰ በኋላ መኪናዋ በ«ሬዲ» ላይ እንዳለች እንደገና ለካ። ወደ 14 ቮልት ተጠግቷል፤ ትልቁ ትንሿን እየሞላ ነው ማለት ነው። ከዚያ ትልቁ ባትሪ በእርግጥ ሲሞት በምን እንደሚታወቅ ጠየቀኝ። ፒ0ኤ80 የሚል ኮድ በመመርመሪያ ማሽን ሲወጣ፣ 28ቱም ክፍሎች አንድ በአንድ ተለክተው አንዱ ከሌሎቹ ወርዶ ሲገኝ ነው አልኩት። ያን ለመለካት ግን መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጓንት ተደርጎ የትልቁን ባትሪ መስመር የሚቆርጠው የኋላው መሰኪያ መነቀል፣ ከዚያም ቢያንስ አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት። በስልኩ ላይ ጻፈውና የቀጣዩ ቅዳሜ ሥራው ሃይብሪድ መሆኑን ነገረኝ፤ ከሠራተኛ ሠፈር አንድ ሰው እንዲሁ የቆመች መኪና አለው።