ከቤተ ሰብ ጋራ በባሌ ተራሮች ስለ ማረፍ

ሰው ሥራን ከአባቱና ከመምህሩ ይማራል፤ ዕረፍትን ግን የሚያስተምረው የለም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የቈየው ሹም ፈቃዱን በተቀበለ ጊዜ ቀኖቹን በምን እንደሚያሳልፋቸው ግራ ይገባዋል። አንዱ በቤቱ ተቀምጦ የተጠራቀመ ጕዳዩን ሲያከናውን ፈቃዱ ያልቅበታል። ሌላውም ቤተ ሰቡን በመኪና ጭኖ ሩቅ አገር ይሄድና በሦስት ቀን ዐሥር ስፍራ ለማየት ሲጣደፍ፣ ሲወጣ ከነበረው ይልቅ ደክሞ ይመለሳል።

በአገራችን ልማድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ የሚሄደው ቍርጥ ያለ ምክንያት ሲኖረው ነው። ዘመድ ሲሞት ለለቅሶ፣ ልጅ ሲዳር ለሠርግ፣ በዓል ሲደርስ ለንግሥ፣ ነገር ሲገጥመው ለፍርድ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ የከበሩ ምክንያቶች ናቸው። ነገር ግን ተራራና ዱር ለማየት ብቻ፣ እናትና ልጆችን አስከትሎ መሄድ ለብዙ ቤተ ሰብ ገና አዲስ ነገር ነው። አዲስ ነገርም ሁሉ ልምምድ ስለሚያስፈልገው፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዕረፍት እንዴት እንደሚለመድ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እንናገራለን።

ይህ ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መንገዱ በአዳማና በአሰላ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ በቆጂን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ ያደርሳል፤ የፓርኩም ዋና መሥሪያ ቤት በዚያ ነው። በአርሲ ደጋ ላይ የስንዴውና የገብሱ እርሻ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይታያል። በቆጂ በደረሱ ጊዜ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህች ከተማና ከአካባቢዋ የወጡ መሆናቸውን ለልጆች መንገር ይገባል፤ ረጅሙ መንገድ በዚህ ዐይነት ጨዋታ ያጥራል።

የፓርኩ ምድር በሦስት ይከፈላል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው በሰሜን በኩል ያለው የዲንሾ ጫካና የጋይሳይ ሜዳ ነው፤ ጥድና ኮሶ የበዛበት፣ የደጋ አጋዘን፣ ቦሆር፣ ድኩላና ከርከሮ የሚሰማሩበት ስፍራ ነው። ሁለተኛው 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሰነቴ አምባ ነው፤ በላዩም ቱሉ ዲምቱ፣ በአማርኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው፣ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። ሦስተኛው ከአምባው በስተ ደቡብ ቍልቍል የሚወርደው የሐረና ደን ነው፤ በዚያም ቡና በዱር ይበቅላል፣ የንብ ቀፎም በረጃጅም ዛፎች ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በቀርከሃው ውስጥ የሚኖረው የባሌ ጦጣ ከዚህችው የኢትዮጵያ ክፍል በቀር በሌላ አገር የለም።

ትምህርት ቤቶች የመንፈቀ ዓመቱን ዕረፍት በሰጡበት ሰሞን፣ በጥር ወር መጨረሻ፣ ከአንድ ወዳጃችን ቤተ ሰብ ጋራ ወደዚህ ስፍራ ሄደን ነበር። ወዳጃችን የመንግሥት ሹም ነው፤ ማልዶ ይወጣል፣ መሽቶ ይገባል፤ ልጆቹም የሚያውቁት በራት ጊዜ ነው። ባለቤቱ ሐኪም ናት። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያይቱ ልጅ በሚመጣው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄድ በመሆኗና አያቲቱም ሰባ ዓመት ያለፋቸው በመሆናቸው፣ ሁሉም በአንድነት የሚወጡበት ሌላ ዕረፍት ስለ መኖሩ ርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ይህንንም ሁሉም ያውቁት ነበር፤ የተናገረው ግን የለም።

ዲንሾ ደርሰን ጓዝ ሲወርድ አያቲቱ ዙሪያውን ተመለከቱና ልጃቸውን፣ «ለመሆኑ እዚህ ዘመድ አለን?» ብለው ጠየቁት። የለም ባላቸው ጊዜ፣ «ታዲያ ማንን ልንጠይቅ መጣን?» አሉ። ልጆቹ ሣቁ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም፤ ከቤቱ ያለ ምክንያት የማይወጣ ሰው ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ነው።

ወዳጃችን እንደ ሥራው ልማድ መርሐ ግብር በወረቀት ጽፎ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ጋይሳይ፣ በሁለተኛው ሰነቴ፣ በሦስተኛው ሐረና፣ በአራተኛው የሶፍ ዑመር ዋሻ። መሪያችን የዚያው አገር ተወላጅ ነበር፤ ወረቀቱን በአክብሮት ተቀብሎ አነበበና መልሶ ሰጠው። «ጋሼ፣» አለው፣ «ወረቀቱ ለእኛ ነው እንጂ ለእነሱ አልደረሳቸውም። እዚህ ቀጠሮ የሚሰጡት እንስሶቹ ናቸው።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በጋይሳይ ሜዳ ዳር ቆምን። ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጥቷል፤ ጉሙም ከወንዙ ላይ አልተነሣም። የደጋ አጋዘን ሴቶቹ ከነግልገሎቻቸው አስቀድመው ወጡ፤ ወንዱ ግን ከቍጥቋጦው ውስጥ ሆኖ የቀንዱ ጫፍ ብቻ ይታይ ነበር። መሪያችን ዝም ብለን እንድንጠብቅ አዘዘን። ባለ ጕዳይ በየቀኑ በደጁ የሚቆምለት ሹም፣ በዚያ ጧት እርሱ ራሱ በአጋዘን ደጅ ጠና። ሩብ ሰዓት ያህል እጅ ሰዓቱን ይመለከት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እጁን ከልብሱ ውስጥ አገባና ትንሹን ልጁን ከብርዱ ለመከለል ወደ ራሱ አስጠጋው። ፀሓይ በወጣች ጊዜ ወንዱ አጋዘን ቀስ ብሎ ወደ ሜዳው ወጣ፤ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ የተጠማዘዘ ቀንዱን ከፍ አድርጎ ወደ እኛ ተመለከተ፣ ካየንም በኋላ መጋጡን ቀጠለ። ልጁም በአባቱ ጆሮ፣ «አየኸው?» ሲል በቀስታ ጠየቀው።

ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለም። የአገሩ ሰው ከጥንት ሲያውቀው የኖረ ቢሆንም፣ የአውሮጳ ሊቃውንት በመጽሐፋቸው የጻፉት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1910 ነው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይ የተቀረጸው ምስልም የእርሱ ነው። እመቤቲቱ ይህን ብትነግራቸው ልጆቹ ሳንቲሙን አይተውት እንደማያውቁ ተናገሩ፤ አያቲቱ ግን ከከረጢታቸው አንድ አውጥተው ለያንዳንዳቸው አሳዩ።

ከቀትር በኋላ በዲንሾ ጫካ ስንዘዋወር ደግሞ መምህሪቱ አያቲቱ ሆኑ። ቀይ አበባው እንደ ዘለላ የተንዠረገገ ታላቅ ዛፍ ባዩ ጊዜ ቆሙና፣ «ይኸ ኮሶ ነው» አሉ። በልጅነታቸው ለኮሶ ትል የሚጠጣው መድኀኒት ከዚህ አበባ እየተወቀጠ እንደሚዘጋጅ፣ እጅግም እንደሚመርር፣ እናታቸው ጽዋውን ይዘው ሲመጡ እርሳቸው ከጎተራ ኋላ ይሸሸጉ እንደ ነበር ተረኩላቸው። ልጆቹ በሣቅ ወደቁ። ወዳጃችን ግን፣ ይህን ታሪክ ከእናቱ አፍ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን። በቤት ውስጥ አርባ ዓመት ያልተነገረ ነገር፣ ዛፉ ፊት ለፊት በቆመ ጊዜ ተነገረ።

ወደ ሰነቴ የወጣነው ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ከፍታው ለማይለምደው ሰው ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ስለሚያመጣ፣ እመቤቲቱ ሁላችንንም ሁለት ሌሊት በዲንሾ አሳርፋን ነበር፤ አያቲቱንም ለልባቸው ሠግታ በዚያው እንዲቈዩ አደረገች። እርሳቸውም ልጆቹን፣ «እናንተ ዐይኖቼ ሁኑና ያያችሁትን አምጡልኝ» ብለው ላኳቸው።

በአምባው ላይ ዛፍ የለም፤ ድንጋይ፣ አጭር ሣርና ኵሬ ብቻ ይታያል። ጅባራው በየስፍራው ቆሞ ዘበኛ ይመስላል። ይህ ተክል ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አበባ አንድ ጊዜ ያወጣና ይሞታል። በምድሩ ውስጥ ደግሞ ከባሌ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኝ ትልቅ ፍልፈል ይኖራል። ፍልፈሉ ከጕድጓዱ ብዙ አይርቅም፤ ራሱን አውጥቶ በአካባቢው ያለውን ሣር ይሰበስብና ተመልሶ ይገባል። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ በአጠገቡ እየተከተለች ከተቈፈረው አፈር ትለቅማለች፤ ጠላት ስታይም ትጮኻለች። ትንሹ ልጅ ይህን ከመሪው ስለ ሰማ ዐይኑን ከወፏ ላይ አልነቀለም። ከብዙ ጊዜም በኋላ፣ «ወፏ ተነሣች!» አለ። ወዲያውም ቀይ ቀበሮ ከድንጋዩ ኋላ ታየች፤ ሆዷን ወደ ምድር አስጠግታ ወደ ጕድጓዱ ተጠጋችና ቆመች። እርሷም እንደኛው ደጅ ትጠና ነበር። ፍልፈሉ ብቅ ባለ ጊዜ ዘለለች፤ ነገር ግን አመለጣት። ጥቂት ቆየችና ምንም እንዳልሆነች ወደ ሌላው ጕድጓድ ሄደች።

በዚያ ማታ ልጆቹ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠው ያዩትን ሁሉ ለአያታቸው አቀረቡ። ትንሹ ልጅ እንደ ቀበሮዋ በምንጣፉ ላይ እየተሳበ አሳየ፤ ታላቂቱ የጅባራውን ነገር ነገረቻቸው። አያቲቱም ለያንዳንዱ ጥያቄ እየጨመሩ እስከ እኩለ ሌሊት አስወጓቸው። ወዳጃችን መርሐ ግብሩን አውጥቶ ስለ ሐረና ሊናገር ሲጀምር፣ ልጆቹ በአንድ ቃል ወደ ጋይሳይ እንመለስ አሉት፤ አያታቸው አጋዘኑን ከእነርሱ ጋራ ደግመው እንዲያዩት ፈለጉ። ወረቀቱን አጠፈና ከኪሱ ከተተ። ሐረናና ሶፍ ዑመር ለሌላ ጊዜ ቀሩ። በማግስቱ ጧት አያቲቱ ነጠላቸውን ተከናንበው በሜዳው ዳር፣ በልጃቸውና በልጅ ልጆቻቸው መካከል ተቀመጡ፤ ማንን ልንጠይቅ መጣን ብለውም ዳግመኛ አልጠየቁም።

እንዲህ ያለውን ዕረፍት ለሚሹ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምራለን። የሚሻለው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በክረምት ዝናቡና ጭቃው ይበረታል። በበጋ ቀኑ ሞቃት ቢመስልም ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ስላለው ወፍራም ልብስ ለያንዳንዱ ሰው መያዝ ይገባል። ወደ ሰነቴ ከመውጣት አስቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በዲንሾ ወይም በጎባ ማደር፣ ውሃም አብዝቶ መጠጣት ይበጃል፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ያማክር። የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ መያዝ ለዐይንም ለጆሮም ይጠቅማል። ልጆችም የአገሩን ሰው በቋንቋው ማልደው «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ መስጠት ይልመዱ፤ ለእንግድነት ይህ የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ለአንድ ቀን ከአንድ ስፍራ በላይ አትመድቡ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ የቀረው፣ ዕድሜው የደረሰው ብቻ ቢቈጠር፣ ከ500 አይበልጥም፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ይኖራል። ዋናው ጠላቱም ከሰው ጋራ በሚመጣ ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2003 በወይብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷል፤ ከዚያም ወዲህ ሌላ ወረርሽኝ ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ጐብኚ ውሻውን ከቤቱ ይተው፤ የተረፈ ምግብ ሜዳ ላይ አይጣል፣ መኪናም በአምባው ላይ ቀስ ብሎ ይነዳ። ከዚህ ተራራ የሚወጡት ወንዞች በኢትዮጵያ፣ በሶማሌና በኬንያ ለሚኖር ሚሊዮን ሕዝብ የሚደርሱ ስለ ሆኑ፣ ተራራውን የሚጠብቅ ሰው የማያውቀውን ጎረቤቱን ይጠብቃል።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባቶችና እመቤቶች ሆይ፣ ፈቃዳችሁ በደረሰ ጊዜ አረጋውያንንና ልጆችን በአንድ መኪና አሳፍራችሁ ውጡ። የልጆች ዕድሜ ፈቃድ አይጠብቅም፤ ዩኒቨርሲቲም፣ ሥራም፣ ትዳርም እያንዳንዳቸውን በየተራ ይወስዷቸዋል። የአረጋውያንም ዕድሜ እንዲሁ ነው። የተጻፈ ጕዳይ ለሰኞ ሊቈይ ይችላል፤ አያት ለልጅ ልጅ በኮሶው ጥላ ሥር የሚነግሩት ነገር ግን ሰኞን የሚጠብቅ አይደለም።