ከኤምባሲው አጥር ውስጥ የማን ሕግ ነው የሚሠራው?

እኛ ሰፈር የታክሲ ረዳት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ሲጠራ ፓስፖርት የሚያወጣ የለም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ማለቱ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ የካ ድረስ አቅጣጫ የምንነግረው በኤምባሲ ነው፦ እንግሊዝ ኤምባሲ፣ ኬንያ ኤምባሲ፣ ሩሲያ ኤምባሲ። ብዙ ጎረቤቶቼ እንጀራቸውን የሚያገኙትም ከእንደነዚህ ዓይነት አጥሮች ውስጥ ነው፤ ጥበቃ፣ አትክልተኛ፣ ሹፌር፣ ጸሐፊ ሆነው።

አንዷ ጎረቤቴ ስሙን ከማልጠራው ኤምባሲ፣ ማርገዟ እንደታወቀ ተሰናበተች። ልክሰስ ስትል ግን ሁሉም «እዚያ ውስጥ እኮ የሰው አገር ነው፣ የእኛ ሕግ አይሠራም» አሏት።

ውሸት ነው። ኤምባሲ ያረፈበት መሬት የኢትዮጵያ ነው። የ1961 (እ.ኤ.አ.) የቪየና ስምምነት ግቢው እንዳይደፈር ይጠብቃል እንጂ ለሌላ አገር አይሰጠውም፤ እንዲያውም ዲፕሎማቶች የተቀበላቸውን አገር ሕግ እንዲያከብሩ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አንቀጽ 3 ላይ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ካልወሰነ ወይም ኢትዮጵያ የፈረመችው ስምምነት ሌላ ካላለ በቀር፣ ኢትዮጵያውያን ከውጭ ዲፕሎማቲክ ሚሲዮን ጋር ያላቸው የሥራ ግንኙነት በዚሁ አዋጅ ይገዛል ይላል። አንቀጽ 26 እርግዝናን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትን ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆኑም ካላቸው ነገሮች ውስጥ ቆጥሯቸዋል።

እና ወሬው የሚጎዳው ጊዜ ስለሚበላ ነው። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ይርጋ ይዘጋል። ይህቺ ሴት ሁለቱን ወር «የሰው አገር ነው» ስትባል ጨረሰችው።

እውነተኛው ጭንቅ ከሕጉ በኋላ ያለው ነው። ተከሳሹ መንግሥት ስለሆነ ያለመከሰስ መብት ያነሣል፤ ቢረታም የኤምባሲውን ንብረት በአፈጻጸም መያዝ አይቻልም። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ለንደን ውስጥ በሱዳንና በሊቢያ ኤምባሲዎች የቤት ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟግተዋል። ፍርድ ቤቱ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ላይ የቆሙት ጥያቄዎቻቸው፣ የዘር አድልዎውም ጭምር፣ እንዲታዩ ፈቀደ፤ በአገሪቱ ሕግ ብቻ የቆሙት ግን ከደጅ ቀሩ። ክሱ አንድ ሆኖ፣ በየትኛው ሕግ እንደቆመ እያዩ ግማሹን አስገቡ፣ ግማሹን መለሱ!

እኛም ጋ የሚመሳሰል ነገር አለ። የኤምባሲው በር ላይ የቆመው ጥበቃ በአዋጁ ይሸፈናል። ዲፕሎማቱ ራሱ ለቤቱ የቀጠራት ሠራተኛ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ስለምትሰጥ አዋጁ አያውቃትም። የሚቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እዚያ ደግሞ እንደ አንቀጽ 26 ያለ ዝርዝር አታገኝም።