አምስቱ ኃያላንና የቁም ሣጥናችን በር

ባለፈው ወር መብራት ለአራት ሌሊት በጠፋ ጊዜ፥ እኛ የአንድ ክፍል ስድስት ነዋሪዎች ዓለምን እንደገና ለመከፋፈል ቆርጠን ተነሣን። ማጥናት አልተቻለም፤ ለመተኛትም ገና ነበር። የታሪክ ተማሪው በኪሱ የተረፈች የጠመኔ ቁራጭ አውጥቶ በሻማ ብርሃን በቁም ሣጥኑ በር ላይ የዓለምን ካርታ ሣለ። (አፍሪቃ ከአውሮፓ አንሳ በመታየቷ አጥብቀን ተቃውመናል፤ ሠዓሊው ግን ቦታ አጥሮት እንጂ በንቀት እንዳልሆነ ምሎ ተገዘተልን።)

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሁለቱን ተፋላሚዎች፥ ዋሽንግተንንና ሞስኮን ነው። ለመሆኑ ኃያላኑ አምስት ቢሆኑ ኖሮስ? ጥያቄው እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ዩጎዝላቪያ በ1948 ከሞስኮ ጎራ ተባርራለች። በ1960 ክሩሽቼቭ ከሺሕ የሚበልጡ ባለሙያዎቹን ከቻይና ባንድ ጊዜ ጠርቶ አስወጣ፤ ፋብሪካው በጅምር ቀረ፥ ንድፉም ከባለሙያው ጋር ሄደ። ቻይና ግን በኦክቶበር 1964 የራሷን አቶሚክ ቦምብ አፈነዳች። ደ ጎልም በ1960 የፈረንሳይን ቦምብ በሰሐራ ካስሞከረ በኋላ፥ በ1966 አገሩን ከኔቶ የጦር እዝ አወጣ። በማርች 1969 ደግሞ ሁለቱ ታላላቅ የኮሙኒስት መንግሥታት በኡሱሪ ወንዝ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ደሴት ደም ተፋሰሱ።

የታሪኩን መገንጠያ 1956 ላይ አደረግነው። በእውነተኛው ታሪክ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከእስራኤል ጋር ሆነው የስዊዝን ቦይ ለመያዝ ግብፅን ሲወጉ አሜሪካ ተቆጣቻቸው፤ ፓውንዱ ተንገዳገደ፤ ጥለው ወጡ። በእኛ ታሪክ ግን አልወጡም፤ ከአሜሪካ ተኳርፈው አውሮፓን ራሱን የቻለ ጎራ አደረጉት። ቻይናም ከሞስኮ የተጣላችው በዚያው ዓመት ሆነ። በ1955 በባንዱንግ ከተሰበሰቡት 29 አገሮች፥ ኢትዮጵያም ካለችበት ማኅበር፥ ከቻይና በቀር ያሉት በህንድ መሪነት አምስተኛው ኃይል ሆኑ። አምስታችን በዕጣ ተካፈልናቸው። የሕግ ተማሪው ዘግይቶ ስለ ገባ የተረፈው ትንሽ አገር መሆን ብቻ ነበር። ለአገሪቱ ስም እንኳ አላወጣንላትም።

በመጀመሪያው ሌሊት ከሁላችን ያማረባት ትንሿ አገር ናት። ከአንዱ መንገድ፥ ከሌላው ግድብ፥ ከሦስተኛው ሆስፒታል ተቀበለች። ይህም ቢሆን ከእውነቱ የራቀ አይደለም፤ ህንድ በ1950ዎቹ ዓመታት በብሂላይ ከሶቪየት፥ በሩርኬላ ከምዕራብ ጀርመን፥ በዱርጋፑር ከእንግሊዝ ጋር የብረት ፋብሪካ ማሠራት ይዛ ነበር። አሜሪካም በ1956 ለአስዋን ግድብ ልትሰጥ ያሰበችውን ገንዘብ ስትከለክል፥ ናስር ፊቱን ወደ ሞስኮ አዞረ። ሁለት ገዢ የቀረበለት በሬ ይህን ያህል ካወጣ፥ አምስት ገዢ የቀረበለትማ! ይህን ስንባባል የሕግ ተማሪው እንደ ባላባት ትራስ ተደግፎ ያዳምጠን ነበር።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ነገሩ ተበላሸ። ባላንጣህ አንድ ሲሆን ዝምታውም ይገባሃል፤ አራት ሲሆኑ ግን የአንዱ ሳል ለሌላው ምልክት ይመስልሃል። ዋሽንግተን የሆነው ጓደኛችን «ሆዴን ቆረጠኝ» ብሎ ወጣ፤ ለካስ በኮሪደሩ ጨለማ ከፔኪንግ ጋር ሊዋዋል ነው! ማጭበርበር ነው ብለን ጮኽን። የታሪክ ተማሪው ግን በሣቅ ፈረሰ፤ በጁላይ 1971 ኪሲንጀር ፓኪስታን ላይ ሆዴን አመመኝ ብሎ በስውር ፔኪንግ የገባው ልክ እንዲሁ ነበርና።

በአራተኛው ሌሊት አንዱ ኃያል ከትንሿ አገር ወደብ ፈለገ። ሁለተኛው እንዳይቀደም ገባ፤ ሦስተኛው ውስጧ ያኮረፈ ባላባት ፈልጎ አስታጠቀ። በጠመኔ አራት ቦታ ቆራረጥናት፤ እየሣቅን ነበር። የሕግ ተማሪው አልሣቀም።

«አያቴ በ1977 በሐረርጌ ግንባር ነው የሞቱት» አለን። «ሶቪየት ሶማልያን ስታስታጥቅ ኖራ በጦርነቱ መካከል ወደ እኛ ዞረች። በላያቸው የሚበረው የእኛ አውሮፕላን የአሜሪካ ሥሪት ነበር፤ ኋላ የመጣው ታንክ የሞስኮ፤ አጠገቡ የተሰለፈው ወታደር የኩባ። የገደላቸው ጥይት የማን እንደ ሆነ አያቴ ቢነሡ አይነግሩኝም። ይህ በሁለት ኃያላን ነው እንግዲህ።»

ዋሽንግተን ዝም አላለም። የእሱ አያት በ1951 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው በደኅና ተመልሰዋል፤ ሜዳያቸው ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። «ቢያንስ ሁለት ሲሆኑ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቃል» አለ። «አያቴማ አላወቁም» አለ የሕግ ተማሪው። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ብንጽፈው ሁለቱም ይቀየሙናል።

እኛስ? የመጀመሪያው ሌሊት ስሌታችን ውሸት ነበር አንልም፤ ገዢ ሲበዛ ዋጋ መናሩ እውነት ነው። በሬው ግን ራሱን ሸጦ ገንዘቡን ሲቆጥር አይተን አናውቅም። ከዚህ አልፈን መስማማት አልቻልንም፤ ሦስት ለሦስት እንደ ተከፈልን ሳለን መብራቱ ድንገት መጣ። ፈተና ሦስት ቀን ቀርቶት ስለ ነበር ሁሉም ወደ ደብተሩ ሮጠ።

የሕግ ተማሪው ብቻ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ፥ በሹራቡ እጅጌ በትንሿ አገር ውስጥ ያሰመርናቸውን መስመሮች ጠራርጎ ተኛ። ካርታው እስከ ዛሬ በሩ ላይ ነው፤ ለአገሪቱ ግን አሁንም ስም አላወጣንላትም።