ሻደይ ሜዳውን አይነጠቅ

ነሐሴ 16 በመጣ ቁጥር ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በሻደይ፣ በአሸንድዬ፣ በሶለልና በአሸንዳ ፎቶዎች ይሞላል። ሹሩባ፣ ጥልፍ ቀሚስ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ለምለም ሣር። ወዲያው ደግሞ «የማን ነው?» የሚለው የተለመደ ንትርክ ይከተላል። ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሰቆጣም፣ ላስታም፣ ራያ ቆቦም፣ ትግራይም ያሉ ልጃገረዶች ያከብሩታል፤ ለሁሉም ይበቃል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የት ይጨፈር?

በዋግ ኽምራ ሻደይ የሚከበረው የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ነው። ስሙም ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ሣር ስም ነው። ብዙዎች በዓሉን ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል። ከዮፍታሔ ልጅ ጋር የሚያያይዙትም አሉ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ከባልንጀሮቿ ጋር ወደ ተራራ ወጥታ ካለቀሰችው ልጅ ጋር። ይህ ትርክት ልጃገረዶቹን ከቤት አውጥቶ ተራራ ላይ እንደሚያገናኛቸው ልብ በሉልኝ።

ጭፈራውም የሜዳ ነው። አንዷ ከበሮ ትመታለች፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ማን መቼ ወደ መሀል እንደሚገባ አስቀድሞ የጻፈ የለም። ድፍረቱ የመጣላት ትገባለች፤ ከበሮ መቺዋም እግሯንና ትከሻዋን እያየች ታፈጥናለች ወይም ታረግባለች። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ርምጃው ያጥራል፣ ሜዳው ሲሰፋ ክቡም ይሰፋል። ግጥሙም እዚያው ይወለዳል፤ ደጉ ይወደሳል፣ ስስታሙ ይሸነቆጣል። ዓመቱን ሙሉ «አንቺ ዝም በይ» ስትባል የከረመች ልጅ በዚያ ሳምንት ሰው ፊት የልቧን ትናገራለች።

ይህንን ነገር ሌላው ዓለም ስም አውጥቶለት ያስተምረዋል። አሜሪካዊቷ አና ሃልፕሪን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ ከቤቷ አጠገብ በዛፎች መሀል የእንጨት ወለል አሠርታ፣ ዳንሰኞች ቀድሞ ያልተጠና እንቅስቃሴ ከነፋሱና ከብርሃኑ ጋር እንዲሞክሩ አደረገች። ዛሬ በዘመናዊ ዳንስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላት። የሰቆጣ ልጃገረዶች ግን ይህን ሲያደርጉ «ባህላዊ ትርኢት» እንላቸዋለን።

«ትርኢት» ስንል ደግሞ መድረክ እንፈልጋለን። ሀገር ፍቅር ቴአትር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊ ቴአትር ተከተለ፤ በደርግ ጊዜም የኪነት ቡድኖች በየቦታው ተቋቋሙ። የብሔረሰቦችን ጭፈራ ለአገር ያስተዋወቁት እነሱ ናቸው፤ ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን ክብ ፊትና ኋላ የለውም፤ መድረክ አለው። ጭፈራው ወደ መድረክ ሲወጣ ክቡ ተከፍቶ ሰልፍ ይሆናል፣ ሰዓቱ ይለካል፣ ልብሱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ከዚያ ልጆቹ ያንን በስልክ አይተው ሜዳ ላይ ይደግሙታል።

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ የበዓል መድረኮች አይቻለሁ። አንዱ ላይ ልጃገረዶች ፀሐይ ላይ ተሰልፈው የክብር እንግዶች ንግግር እስኪያልቅ ሲጠብቁ ቆዩ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ ልጆቹ እንደለመዱት ክብ ሠሩ፤ አስተባባሪው ሮጦ መጥቶ «ወደ ካሜራው ዙሩ!» አለ። ዞሩ። ከበሮ መቺዋ ጀርባ ቀረች፤ የምትጨፍረውን ልጅ እግር ማየት አልቻለችም። ሙቀቱ ወዲያው ወረደ።

«ዋግ የሚያስፈልገው እንግዳና ገቢ ነው፤ አንተ ስለ ክብ ታወራለህ» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዋግ ድረስ ዘለቀ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች ሰቆጣና አካባቢዋ ላይ ተጠልለው ከርመዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ መታው። እዚያ ሻደይ ማለት ዝናብ መጥቶ ሣር በቅሏል ማለት ነው። ሆቴሉ፣ ሸማኔው፣ ሹሩባ የምትሠራዋ ከበዓሉ ቢጠቀሙ ደስ ይለኛል። ልጃገረዶች ያለ ስጋት እንዲጨፍሩ ጥበቃ ማድረግም የመንግሥት ግዴታ ነው።

ግን እንግዳው ሰቆጣ ድረስ የሚመጣው መድረክ ለማየት ከሆነ አዲስ አበባ ሞልቶለታል። ከባህል ምሽት ቤቶቻችን አንዱ ገብቶ ራቱን እየበላ ያየዋል። ዋግ ብቻ ያለው ያ ተራራ፣ ያ ሣርና ነገ ምን እንደምትል ማንም የማያውቃት ልጅ ናት።

ስለዚህ ለአዘጋጆች የምለው አጭር ነው። ለንግግርና ለመድረክ አንድ ቀን ውሰዱ፤ የቀሩትን ቀናት ለልጆቹ ተዉላቸው። ግጥማቸውን ቀድማችሁ አትመርምሩ፤ ቢሸነቁጧችሁም ቻሉት፤ ወጉ ነው። ካሜራ የያዝን ሰዎችም ክቡን ዞረን እንቅረጽ፤ ክቡ ለኛ አይዙር። ለመጫወቻ የሚወጡበት ሜዳ ለግንባታ ሲታጠር ደግሞ «ልጆቹ የት ይጨፍሩ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ስብሰባው ላይ ይኑር።

ያልተጠና ነገር ያስፈራል፤ ምን እንደሚባል አይታወቅማ። ልጃገረዶቹ ግን በዓመት ስድስት ቀን ብቻ ነው የጠየቁን።

መልካም የሻደይ በዓል!