ከጉማራ ዳር

በመስከረም ወር በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ ሸምበቆዬን፣ መንጠቆዬንና ቡሼን ይዤ፣ ከጉና ተራራ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ አልፎ ጣና ወደሚገባው ወደ ጉማራ ወንዝ ወረድሁ። ትልቅ ዓሣ ይዤ እንደምመለስ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ፎክሬላቸው ነበር።

ወንዙ የክረምቱን ድፍርስ ገና አልጣለም። ትሉን ሰክቼ፣ ውሃው ከሚያዘግምበት ከሾላው ጥላ ሥር ቡሹን አንሳፈፍሁት። ሦስት ሰዓት ያህል ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። በመጨረሻ ቡሹ ተንቀጠቀጠና ሰመጠ፤ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ጎትቼ አወጣሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ነገር ግን ለምሳዬ ላሰናዳው ሆዱን ብቀድደው፣ መዳፌ በእንቁላል ተሞላ። በጣና ከሚኖሩት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አያሌዎቹ በክረምት ወደ ወንዞች ሽቅብ የሚወጡት በጠጠሩ ላይ እንቁላል ለመጣል ነው። በዚሁ ወራት በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጉ ሰዎች ዘሩን እንደሚያመነምኑ አንብቤ አዝኜ ነበር፤ እኔ ራሴ ከነርሱ አንዱ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብሁም።

ከቀትር በኋላ ቡሹ ዳግመኛ ሰመጠ። ይህችኛይቱም ሆዷ የተነፋ ነበር። መንጠቆውን ከከንፈሯ በቀስታ አላቅቄ ለወንዙ መለስኋት።

ሰኞ ዕለት ባልደረቦቼ «ዓሣው የታለ?» እያሉ ቢሥቁብኝ፣ «ሽቅብ ሄዳለች» አልኋቸው።