የእሌኒን ድንጋይ ማን አናገረው?

መንግሥታት በሕንፃ ይናገራሉ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1948 ዓ.ም. የብር ኢዮቤልዩአቸውን ሲያከብሩ ታላቅ ቴአትር ቤት አስመረቁ። በ1953 አፍሪካ አዳራሽን ከፈቱ፤ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አኖሩበት። ደርግ በ1977 ትግላችን ሐውልትን አቆመ። በ2016 ደግሞ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ሁሉም በየዘመኑ «ኢትዮጵያ ይህች ናት» አለ።

እኛ በምሥራቅ ጎጃም ያለን የጉንደ ወይንና የአካባቢው ሰዎችስ ምን አልን?

የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታችን ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሳነጿት፣ በግራኝ ጦርነት የፈረሰች፣ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እንደገና የሠሯት። በድንጋይ ቅርጽ ያጌጠው ፍርስራሽዋ ዛሬም አለ። እሌኒ ማን ነበሩ? የሐዲያ ገዥ የገራዱ ልጅ፤ ከእስላም ቤት የወጡ። ለሕፃኑ ንጉሥ ልብነ ድንግል አገር የመሩ፣ መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩ ሴት። እኚህ ሴት ቤተ ክርስቲያናቸውን የተከሉት ጎጃም ላይ ነው! ስለ አንድነት ስንት ንግግር ሰማን? ይህን ያህል የሚናገር ሕንፃ ከወዴት ይመጣል? በእጃችን ነበር። ዝም አልን።

ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የት ነበርን? ታሪካዊው የጉብኝት መስመር ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን ሲያያይዝ ማን «እኛም አለን» አለ? ላሊበላና የፋሲል ግቢ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። መርጡለ ማርያም እስከ ዛሬ የለችበትም። አዲስ አበባ ረሳችን እንላለን። እኛስ መርጡለ ማርያምን አስታወስናት? በር አንኳኳን? ልጆቻችንን ወስደን «ይህን ያሠሩት እሌኒ ናቸው» አልናቸው?

ስንት የስብሰባ አዳራሽ ሠራን! ስንት ጽሕፈት ቤት! ብሎኬት ደረደርን፣ ቆርቆሮ መታን፣ ሪባን ቆረጥን፣ አጨበጨብን። ከመርጡለ ማርያም የድንጋይ ጌጥ ሁሉ አንዷን አበባ እንኳ ለበር ጉበን አልወሰድንም። ግንበኛ ሞልቶናል፤ ድንጋይ ሞልቶናል። ትንሽ አሳቢነት ብቻ ይበቃ ነበር፤ እሱንም ነፈግናት።

ፍርስራሹ ገና አልጠፋም። የአካባቢያችን፣ የእነብሴና የጎንቻ ልጆች ሆይ፣ መንግሥት እስኪመጣ አትጠብቁ። ሂዱ፣ ለኩት፣ ንደፉት፣ ፎቶ አንሱት፤ ነገ በከተማችን አንድ አዳራሽ ሊሠራ ሲታሰብ ንድፉን ይዛችሁ ግቡ።