ጎንደር ላይ ዝናብ የያዘን ዕለት

በክረምት ልጆች ይዞ መንገድ መውጣት ድፍረት ነው ይሉኛል የሥራ ጓደኞቼ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እንደኔ በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ለምትሠራ እናት የዓመት ፈቃድ የሚሰጣት ስትፈልገው ሳይሆን ተራዋ ሲደርስ ነው። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ ላይ የአክስቴ ልጅ ወልዳ ለክርስትና ስትጠራን፣ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ተሳፈርኩ። ትልቋ ልጄ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር፤ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠባበቃለች። ትንሹ ገና 6 ዓመቱ ነው። አባታቸው ሾፌር ስለሆነ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነበር።

ከክርስትናው በኋላ አንድ ቀን ተረፈን። በዚያች ቀን ሁሉንም ላሳያቸው ስደለድል አደርኩ፤ ጧት የፋሲል ግንብ፣ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከምሳ በኋላ የፋሲል መዋኛ፣ ማታ ቁስቋም። አክስቴ ሰማዩን አየት አድርጋ «ዛሬስ አይለቃችሁም» አለችኝ። አልሰማኋትም።

ዝናቡ የያዘን ቅጽሩን እንደ ገባን ነው። 12 በሮች ያሉት፣ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው የሚኬደው ግን በሜዳ ነው። የነበረችን አንዲት ጥላ እሷንም ነፋሱ ገለበጣት። የታላቁ ኢያሱን ግንብ ያየነው እየረጠብን ነበር። በዘመኑ ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር ይባልለታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ ኋላም ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት፤ እኛ ስናየው ጣሪያ አልነበረውም። በደጅ የሚዘንበው ዝናብ እውስጥም ይዘንባል። ትንሹ እጁን ዘርግቶ «እማዬ፣ ቤት ውስጥ ዘነበ!» እያለ ይስቃል። እኔ ስለ ጫማው እቆጣለሁ።

ሮጠን የገባነው ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቷት አፄ ፋሲለደስ ካሠሩት ግንብ ነው። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እምድር ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። በልቤ የቀረብኝን እየቆጠርኩ እበሳጫለሁ።

አብሮን የተጠለለው ወጣት አስጎብኚ ጊዜ እንዲያልፍልን ስለ እቴጌ ምንትዋብ አወጋን። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ስለነበረ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር ገዙ። በቅጽሩ ዳር የራሳቸው ግንብ አላቸው፤ ቁስቋምንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። እኔም ኮራ ብዬ ልጄን «ሰማሽ? ሴት እንዲህ ነበረች!» አልኳት።

«ልጁን ማን ይይዝላቸው ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

አስጎብኚው ሳቀ። «ሞግዚት ነዋ! ለንጉሥ ልጅ ሞግዚት ይጠፋል?»

ልጄ ወደ ዝናቡ ዞር ብላ፣ «እኛ ቤት ሞግዚቷ እኔ ነኝ» አለች።

ቀስ ብላ ስለተናገረችው ሌላ ሰው የሰማት አልመሰለኝም። ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ነገረችኝ። የጧት ፈረቃ ሲደርሰኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ወንድሟን አጥባ፣ አብልታ፣ መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ ትምህርት ቤቷ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ወደ ቤት ትመለሳለች። ስንት ቀን እንዲህ ሆነ ብላት «አልቆጠርኩትም» አለችኝ። «ሒሳቡን ግማሹን በግምት ነው ያጠቆርኩት።»

እህቶቼ፣ እኔ እኮ በምሳ ሰዓት ለጓደኞቼ «ልጄ ቤቴን እንደ እናት ትይዝልኛለች» እያልኩ ስመካ የኖርኩ ሴት ነኝ! መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«መቼ?» አለችኝ።

አፌ ተያዘ። የማታ ፈረቃ ስሆን የምገባው ተኝታ ነው፤ የጧት ስሆን የምወጣው ሳትነሣ ነው። እሑድ ልብስ አጥባለሁ፣ ለሳምንቱ እንጀራ እጋግራለሁ፤ እሷም አብራኝ ውሃ ትቀዳለች። እጎኔ ቆማ የዋለችባቸው እሑዶች ስንት ናቸው? አንድም ቀን ሁለታችን እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠን አናውቅም። እዚያ ድንጋይ ቤት ውስጥ የምታጥበውም የምትጋግረውም የለም፤ መሄጃም የለ። ቁጣዬን ውጬ የቀረውን ጠየቅኳት። የቀረው ብዙ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቻ ደረስን። ጫማችንን አውልቀን በረጠበ ካልሲ ገባን። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ተሥሎበታል፤ ዓይናቸው ተልቅ ያለ፣ ክንፍ ያላቸው። ትንሹ አንጋጦ ሲቆጥር ከሠላሳ በላይ ጠፋበት። እኔና እኅቱ ከግድግዳው ሥር ቆመን ጠበቅነው። ልጄ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

ማታ አክስቴ ጫማዎቻችንን ከከሰሉ አጠገብ ደርድራ «እህ፣ ምን ምን አያችሁ?» ብትል፣ ትንሹ ቀድሞ «ቤት ውስጥ ሲዘንብ አየን!» አላት።

ውጤቱ እንደፈራችው ሆነ። አዲስ ዓመት እንደ ገባ፣ አብራኝ ከምትሰፋ ጎረቤቴ ጋር ተነጋግረን ፈረቃችንን አለያየን፤ እኔ ጧት ስገባ እሷ ልጄን ታደርሳለች፣ እሷ ስትገባ እኔ የሷን አደርሳለሁ። ልጄም በ2011 ዓ.ም. በግል እንደገና ተፈተነች። ቁስቋምን ግን እስካሁን አላየነውም።